በክፉ ቀን ለውጭ ሀገር ዕርዳታ መስጠት፦ ስድስት መንገዶች ጎን ለጎን

ባለፈው እሑድ ማታ እህቴ ከስቶክሆልም ደወለች። እዚያ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዜግነት ወስዳለች፣ ድምፅ ትሰጣለች።

«ወንድምጋሼ፣ መሥሪያ ቤት ሻይ ላይ ስንቀመጥ ወሬው ሁሉ የኑሮ ውድነት ነው» አለችኝ። «አስቤዛው አይቀመስም። መብራቱ ጨመረ። ታዲያ መንግሥታችን በዚህ ጊዜ ለሌላ ሀገር ለምን ይሰጣል ይሉኛል። አንተ ተቀባዩ ሀገር ነው ያለኸው፤ ምን ልበላቸው?»

እውነቱን ለመናገር ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ «ስጡ» ማለት ቀላል ነው። ኪሱ የኔ አይደለም። የኛም ሰው «ከራስ በላይ ነፋስ» ይላል፤ ስለዚህ በስዊድኖቹ አልፈርድም። «ቆይ እታለም፣ ጽፌ ልላክልሽ» አልኳት። ጽሑፉ ሲረዝም፣ እንደሷ ውጭ ሀገር ሆነው ድምፅ ለሚሰጡ የኛ ልጆች ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እዚህ አወጣሁት።

ጥያቄው «ይሰጥ ወይስ አይሰጥ» ተብሎ ሲቀርብ ምርጫው ሁለት ብቻ ይመስላል። መንግሥታት ሲቸግራቸው ያደረጉትን ስናይ ግን ቢያንስ ስድስት መንገድ አለ። ልዩነታቸውም ትንሽ አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ መስፈርቱን እናስቀምጥ። ለኔ አራት ይበቃሉ።

አንደኛው እርግጠኝነት ነው። መቼና ስንት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል? ጤና ጣቢያ ሠራተኛ የሚቀጥረው በጀቱን ተማምኖ ነው። ይኼን መስፈርት ከሌሎቹ አስበልጬ እመዝነዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። የራበው ሰው ዘንድ በሳምንት ይደርሳል ወይስ በመንፈቅ?

ሦስተኛው ለሰጪው የሚያተርፍለት ገንዘብ ነው። ቸግሮኛል ብሎ የሚቆርጥ መንግሥት ቆርጦ ምን ያህል ያገኛል?

አራተኛው ደግሞ ሰጪው ሲሄድ የሚቀረው ነገር ነው።

እግረ መንገድ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገርም አለ፦ ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ የማን ኪስ ይገባል? ፓዌን አስታውሱ። ያኔ ጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከየቦታው የመጡ ሰዎች ሰፈሩባት። የጣና በለስን ፕሮጀክት በገንዘብ የደገፈችው ጣሊያን ናት። ሥራውን የያዘውም የጣሊያኑ ሥራ ተቋራጭ ሳሊኒ ነው። ደርግ ሲወድቅ ሁሉም ነገር ቆመ። እንዲህ ዓይነቱ «ከኔ ገንዘብ ውሰድ፣ ከኔ ሰው ግዛ» የሚል ዕርዳታ በወረቀት ላይ ትልቅ ነው፤ መሬት ላይ ሲወርድ ይሳሳል።

1. ባንዴ ማቆም

ይኼኛው ምን እንደሚመስል በቅርብ አይተነዋል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥራ በጀመሩበት ቀን የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ይቁም አሉ። ሰኔ 24 ቀን የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በይፋ ተዘጋ። እኛ ሀገር በአሜሪካ ገንዘብ የሚከፈላቸው ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ።

ቁጥሩን ትቼ የማውቀውን አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን መረጃ ኮምፒውተር ላይ ያስገባ ነበር። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ሲኖር የሚደውለው እሱ ነው። «እማማ፣ ማክሰኞ አልመጡም እኮ፤ አሞዎት ነው?» ይላል። ቀይ እስክሪብቶና ጥግ ጥጉ የተበላ ደብተር ነበረው። ደብተሩ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ምልክቱን የሚያውቀው ራሱ ነው። ውሉ የተቋረጠ ቀን ደብተሩን ለነርሷ አስረከበ። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ። የሚደውል ግን የለም። ነርሷ ደብተሩን ብታገላብጠው አልገባትም።

«ይቁም» የሚሉ ሰዎች ክርክር ባዶ ነው አልልም። ዕርዳታ ጥገኛ ያደርጋል፣ መንግሥትን ያሰንፋል፣ ይዘረፋል ይላሉ። የመጨረሻው እውነት መሆኑን ራሳችን አይተናል። በፈረንጆች 2023 ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለተረጂው ሳይሆን ለሌላ እየዋለ ነው ብለው ከሰኔ ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ አቆሙ። ለሁሉም ተረጂ ዳግም የተፈቀደው በዓመቱ መጨረሻ ነው። በነዚያ ወራት የሰረቀው ሰው አልተራበም።

አሁን ወደ ሦስተኛው መስፈርት እንምጣ። አሜሪካ ለውጭ ዕርዳታ ታወጣ የነበረው ከፌዴራል በጀቷ 1 በመቶ ገደማ ነው። ከመቶ ብር አንድ ብር መሆኑ ነው። እሷን አቁሞ ዕዳ ከፈልኩ የሚል መንግሥት፣ ቡና መጠጣት አቁሜ ቤት ሠራሁ እንደሚል ሰው ነው።

2. መሀል መንገድ ላይ መቀነስ

እንግሊዝ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ ለዕርዳታ እንድታውል በፈረንጆች 2015 በሕግ ደነገገች። ኮቪድ ሲመጣ ከ2021 ጀምሮ ወደ 0.5 አወረደችው። በየካቲት 2025 ደግሞ ለመከላከያ ያስፈልጋል ተብሎ በ2027 ወደ 0.3 እንደሚወርድ ተነገረ። ከዚያ ላይ ደግሞ ስደተኞችን እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ሆቴል የምታሳድርበት ወጪ «የውጭ ዕርዳታ» ተብሎ ይመዘገባል። በ2022ና በ2023 ከጠቅላላው ከሩብ በላይ የበላው እሱ ነው። ስለዚህ መቶኛውን ስትሰሙ ሁሉም ድንበር ተሻገረ ብላችሁ አታስቡ።

ፊንላንድም በፈረንጆች 2015 ኢኮኖሚዋ ሲቀዘቅዝ በአንድ ጊዜ ብዙ ቆርጣለች። አንድ ነገሯን ግን ወድጄላታለሁ። ከ1994 በፈረንጆች ጀምሮ በአማራ ክልል ትደግፈው የነበረው የገጠር ውኃ ሥራ ቀጠለ። አሠራሩን የጎጃም ሰው ያውቀዋል። ገንዘቡ በአብቁተ በኩል፣ ማለትም በዛሬው ጸደይ ባንክ በኩል፣ ለመንደሩ ውኃ ኮሚቴ ይገባል። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉልበቱን መንደሩ ያዋጣል። ኮሚቴው ራሱ ገዝቶ ራሱ ያሠራል።

ማቻከል ወረዳ ያለችው አክስቴ መንደር እንዲህ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ዙሪያው በእሾህ ታጥሯል። ጠዋትና ማታ ብቻ ይከፈታል፤ ዘበኛው በዓመት እህል ይሰፈርለታል። አንዴ የፓምፑ ውስጥ ጎማ አለቀና ውኃው ቆመ። የእጅ መዳፍ የማታህል ጎማ ናት። ኮሚቴው ያጠራቀመው ብር ነበረው፤ ዕቃው ግን ቅርብ ገበያ ላይ አልነበረም። ሴቶቹ ሦስት ሳምንት ወደ ወንዙ ተመለሱ። ከዚያ አንዱ ከባሕር ዳር ገዝቶ መጣና ውኃው ቀጠለ። ፊንላንድ ሄልሲንኪ ሆና ብትቆርጥም ባትቆርጥም ያ ጉድጓድ ይሠራል። ለመቀነስ የተገደደ መንግሥት ካለ እንዲህ ያለውን ቢያስተርፍ ይሻለዋል።

3. እንደ አሥራት በመቶኛ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፈረንጆች 1970 ያስቀመጠው 0.7 በመቶ አሥራት ማለት ነው። ምርት ሲቀንስ አሥራቱም ይቀንሳል፤ ማንም አይቆጣም። ለሰጪው የሚመች ነው። በ2024 የበለጸጉ ለጋሽ ሀገሮች ከተሰባሰቡበት ክበብ ይኼን ያሟሉት ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ስዊድንና ሉክሰምበርግ ብቻ ናቸው። የክበቡ አጠቃላይ ድርሻ 0.33 በመቶ ነበር።

ችግሩ ዓለም ሁሉ በአንድ ላይ ሲቸገር ነው። የሰጪው ገቢ በሚወርድበት በዚያው ዓመት የተቀባዩ ችግር ይወጣል። ክረምቱ ለሁሉም ሲከፋ አሥራት ብቻውን አያዛልቅም።

4. ለተወሰኑ ዓመታት የተቆረጠ መጠን

ስዊድን ለረጅም ጊዜ ከገቢዋ 1 በመቶ ትሰጥ ነበር። ከ2023 እስከ 2025 ግን በዓመት 56 ቢሊዮን ክሮነር ብላ ቆርጣ አስቀመጠች። ተቃዋሚዎች ይኼ ቅነሳ ነው አሉ። ልክ ናቸው፤ ቅነሳ ነው። የዋጋ ንረትም ከላዩ ይበላዋል።

እኔ ግን እዚህ ላይ ከብዙ ሰው እለያለሁ። ትንሽ ሆኖ ለሦስት ዓመት የሚታወቅ ገንዘብ፣ ትልቅ ሆኖ ነገ መኖሩ ከማይታወቅ ይሻላል። የዕድር መዋጮ ነው። ሀብታም የሆነ ወር መቶ ሺህ ከሚጥል ሰው ይልቅ በየወሩ ሃምሳ ብሩን ሳያጎድል የሚከፍለው ዕድሩን ያቆመዋል።

ማስረጃ ካስፈለገ ወደ ደጀን ሂዱ። ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ዓባይን የምትሻገሩበት አዲሱ ድልድይ የጃፓን መንግሥት ስጦታ ነው። የተከፈተው በፈረንጆች 2008፣ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በፈነዳበት ዓመት ነው። ቃሉ የተገባው ከዚያ በፊት ነው፤ ሥራውም ተጀምሮ ነበር። መሀል ላይ ቢቆም ኖሮ ሁለት ግማሽ ድልድይ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

5. በስጦታ ፋንታ ብድር

መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ነው የተሠራው። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ነው የታቀደው። ዛሬ በበጋ ስንዴና ሽንኩርት ይታያል፤ አቮካዶውም ስም አውጥቷል። እንዲህ ያለ ብድር ወለዱ ዝቅተኛ ነው፣ መክፈያውም ሩቅ ነው። ሰጪውም ገንዘቡ ስለሚመለስ ሕዝቡን ማሳመን አይከብደውም።

ግን ብድር ሁሉ አንድ አይደለም። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያ ለ1 ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ያ ከገበያ የተወሰደ ውድ ብድር ነበር። ውኃ የሚያወጣ ብድር ራሱን ይከፍላል። ለክትባት ወይም ለተራበ ሰው ማበደር ግን ያው ችግሩን ለልጆቹ ማሸጋገር ነው።

6. ለድንገተኛ አደጋ ብቻ

ብዙ ሰው ይኼኛውን ይወዳል። «ልማቱ ይቅር፤ ሰው ሲራብ ግን እንድረስ» ይላል። ደግ ሐሳብ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ብዙ ጉድ አለ።

አባቴ የ1994 ዓ.ምን በቆሎ አይረሳውም። ቡሬ አካባቢ ምርቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ዋጋው ግን ወደቀ። የማዳበሪያ ዕዳውን እንኳ የሚሸፍን አልነበረም። አገዳው ላይ እያለ የተወው ገበሬ አለ። በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ የገዛው ጥቂት ሆነ፤ ዝናቡም ሌላ ሌላው ቦታ ጠፋ። በ1995 ወደ 13 ሚሊዮን ሰው ምግብ ፈላጊ ሆነ። ከዚያ ከባሕር ማዶ ስንዴ በመርከብ መጣ። «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ነው። ባዶ ከረጢቱ እኛ ቤት ለዓመታት ጤፍ መጫኛ ሆኖ አገልግሏል።

ስንዴው ነፍስ አድኗል፤ ይኼን አልክድም። ግን በአሜሪካ ሕግ ከምግብ ዕርዳታው ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካን ባንዲራ በያዘ መርከብ መጫን አለበት። እዚያ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ጂቡቲ ወርዶ፣ በካሚዮን ተጓጉዞ ወራት ይፈጃል። ያን ገንዘብ እዚሁ አምጥቶ የጎጃምን በቆሎ ቢገዛበት ኖሮ ወሎም ይበላ ነበር፣ አባቴም ዕዳውን ይከፍል ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኋላ ላይ ከገበሬ ዩኒየኖች በቆሎ መግዛት ጀምሮ ነበር። መንገዱ እሱ ነው። ገበያው ባዶ ከሆነና እህል ከሌለ ብቻ ነው ከውጭ መጫን ትርጉም ያለው።

ሌላው እንከን፣ «ለድንገተኛ ብቻ» ያለ መንግሥት ድንገተኛውን ይጠብቃል። ሰው ቴሌቪዥን ላይ ሲያለቅስ ብቻ ይነቃል። እስከዚያ በሬው ተሽጧል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መንገድ | እርግጠኝነት | ፍጥነት | ለሰጪው የሚያተርፈው | ጥሎት የሚሄደው |
|---|---|---|---|---|
| ባንዴ ማቆም | የለም | — | ከሚወራው በታች | የተበተነ ሠራተኛ |
| መሀል ላይ መቀነስ | ደካማ | ባለበት | መካከለኛ | ምን እንደተረፈ ይወስነዋል |
| በመቶኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ገቢ ሲወርድ በራሱ ይቀንሳል | እንደ ሥራው |
| ለዓመታት የተቆረጠ | ከሁሉም ይበልጣል | መካከለኛ | ወጪውን አስቀድሞ ያውቃል | ጥሩ |
| ብድር | ጥሩ | አዝጋሚ | ገንዘቡ ይመለሳል | ግድብ፣ መንገድ፤ ከዕዳ ጋር |
| ለድንገተኛ ብቻ፣ በእህል | ደካማ | አዝጋሚ | ትንሽ | ከረጢት |
| ለድንገተኛ ብቻ፣ በገንዘብ | ደካማ | ፈጣን | ትንሽ | ገበያው አይሞትም |

የትኛው ለማን?

እንደ ኖርዌይ የነዳጅ ገንዘብ ላጠራቀመ ሀገር በመቶኛው ይበቃል። ቸግሮኛል ማለትም አያምርበትም።

በጀቱ ጠቦ ግን ያልተሰበረ ሀገር፣ የእህቴ ስዊድን ዓይነቱ፣ መጠኑን ቢቀንስም ለሦስት ለአራት ዓመት ቆርጦ ያስቀምጥና አይንካው። አዲስ ነገር አይጀምር፤ የጀመረውን ይጨርስ። እኔ እዚያ ብኖር ድምፄ ወደዚህ ነው።

በእውነት ለተሰበረ፣ ራሱ አይኤምኤፍ ደጃፍ ለቆመ ሀገር ደግሞ፣ ለድንገተኛ አደጋ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይበቃል። «ጥቂት ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይን ላስታውሰው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ካልተቀበሉ ጥቂት ሀገሮች አንዷ ናት። በፈረንጆች 1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ላከ። 1985 እኮ እኛ ራሳችን ረሃብ ላይ የነበርንበት ዓመት ነው! ገንዘቡ አንድ ፎቅ አያቆምም። ታሪኩ ግን ይኸው አርባ ዓመት ሆኖት ይወራል።

የግድ ማቆም አለብኝ ለሚል መንግሥት ያለኝ ልመና አንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ይንገረን። የጤና ጣቢያው ልጅ ደብተሩን ለነርሷ የሚያስረዳበት ጊዜ ያግኝ። የፓምፑ ጎማ የት እንደሚሸጥ ይነገረን።

እኛም ወገን ላይ ሥራ አለ። አንድ ፕሮጀክት ወረዳችሁ ሲመጣ፣ ሪባን ከመቁረጣችሁ በፊት «ገንዘቡ እስከ መቼ ነው? ከዚያ ደመወዙን ማን ይከፍላል? መለዋወጫውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስብሰባው ላይ ፊት ቢነሷችሁም ጠይቁ።

ይኼን ሁሉ ጽፌ ለእህቴ ላክሁላት። በነጋታው ደወለች። «ሰንጠረዡን አያነቡልኝም» አለች። «ለነዚህ ሰዎች በዓይን የሚታይ ነገር ስጠኝ። ስዊድን እኛ ጋ ምን ሠርታ ታውቃለች?»

የእማዬን ሳንዱቅ ከፈትኩ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከክርስትና ክሮቻችን ሥር፣ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር አለ። የስዊድን መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ሲዳ ምሥራቅ ጎጃምና ደቡብ ወሎ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ የመሬት ምዝገባው ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ቀበሌዎች አንዱ ጎዛምን ወረዳ ያለው አዲስና ጉሊት ነበር። ፕሮግራሙ ካለቀ ቆይቷል። ደብተሩ ላይ የአባዬና የእማዬ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። እማዬ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ካሜራውን በጥርጣሬ ታየዋለች። ስሟ ከስሙ እኩል ተጽፏል። አጎቶቼ መሬቱን እንካፈል ብለው የመጡ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ያኖረችው ይኼንን ነው።

ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «ይኼ ይበቃኛል» አለችኝ።